ነርስ ያደረግናት ልጅ

ሰኞ

ነርስ አይደለችም። ባሕር ዳርም አይደለችም። ግምጃ ቤት ከተማ ገበያ ድንች ትሸጣለች።

ይህን የነገረችኝ መቅደስ ናት፣ የማኅበራችን ቢሮ ጸሐፊ። ለሃያኛ ዓመት በዓላችን አስካለን ፈልገሽ አምጪልን ብለናት ነበር፤ የክብር እንግዳችን እንድትሆን። ዛሬ ከምሳ በኋላ ገብታ በሩን ዘጋችና «እትዬ ባንቺ፣ ይቀመጡ» አለችኝ። ተቀምጬ ነበርኮ። «አስካለን አገኘኋት» ስትል እልል ልል አፌን ከፈትኩ። የቀረውን ስትነግረኝ አፌ እንደተከፈተ ቀረ።

ሌላ አስካለ ትሆናለች አልኳት። የአባቷን ስም፣ የዘንገናን ሰፈር፣ የቆመውን ሠርግ፣ ሁሉን ጠይቃ አረጋግጣለች። እሷው ናት።

እስቲ ለራሴ እንኳ በቅጡ ልጻፈው። ማኅበራችን የልጆችን ሠርግ ማስቆም የጀመረው በአስካለ ነው። የዛሬ ሃያ ዓመት፣ በአሥራ ሦስት ዓመቷ ሊድሯት መሆኑን አስተማሪዋ ስንዱ ሰማች። ስንዱ ለእትዬ የሺ ነገረች፤ እትዬ የሺ ያኔ የጤና ረዳት ነበሩ። ሁለቱ ወደ እኔ መጡ፤ እኔ ፍርድ ቤት ታይፒስት ስለነበርኩ ማመልከቻ እንድጽፍላቸው። ጻፍኩ። በማግስቱ ሦስታችን ከሁለት ፖሊሶች ጋር በጥር ውርጭ በእግራችን ወደ ዘንገና ሄድን። ዳሱ ተጥሏል፣ ጠላው ተጠምቋል። ሙሽሪት ጓዳ መደብ ላይ ተቀምጣለች፣ እግሯ መሬት አይደርስም። ሠርጉ ቆመ። እኛ ሦስታችን ከዚያ ቀን ወዲህ አልተለያየንም።

ልጅቱን ስንዱ ወሰደቻት። በኋላ «ባሕር ዳር አክስቷ ጋ ገብታ እየተማረች ነው» አለችን። ከዚያ አሥረኛን አለፈች። ከዚያ በነርስነት ተመረቀች። በየዓመቱ ስንዱ «አስካለ ሰላም ብላችኋለች» እያለች ሰላምታ ታመጣልን ነበር። ዘንድሮ «ስልኳ ጠፋብኝ» ስላለችን ነው መቅደስን የላክናት። ታሪኳ ቢሯችን ግድግዳ ላይ በመስታወት ተሰቅሏል። የተየብኩት እኔ ነኝ።

ስንዱ ዋሽታናለች ማለት ነው? ስንዱ? ባሌ ከነልጄ ሲያባርረኝ ዓመት ሙሉ ቤቷ ያኖረችኝ ስንዱ?

አልገባኝም። ነገ ራሴ ሄጄ አያታለሁ።

ማክሰኞ

ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ጠበቅን። መቅደስ መንገዱን ሙሉ በመስኮት ታይ ነበር። እኔ በልቤ ሌላ ሰው ትሁን፣ ሌላ ሰው ትሁን እያልኩ ደረስኩ።

ከድንች ጆንያዎቿ ኋላ ዱካ ላይ ተቀምጣ ነበር። ገና ስቀርብ «ታይፒስቷ ነዎት» አለችኝ። እኔ መንገድ ላይ ባገኛት አላውቃትም ነበር። የግራ እጇ ሁለት ጣቶች በቃጠሎ ተጣብቀዋል።

እየሸጠች ነው ያወራችኝ። ደንበኛ ሲመጣ ታቆማለች፣ በአዊኛ ትከራከራለች፣ ትመዝናለች፣ ከዚያ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ድምጿን አንዴ እንኳ ከፍ አላደረገችም።

ሠርጉ ከቆመ በኋላ አባቷ «ልጄ አይደለችም» አለ። ያስጠጋትን ሰው ቤት አቃጥላለሁ ብሎም ዛተ። ስንዱ ዘጠኝ ቀን ደበቀቻት። በአሥረኛው ቀን ከባሕር ዳር አንዲት ሴት መጣች። እየሠራሽላት ታስተምርሻለች ተባለች። አላስተማረቻትም። ሰባት ዓመት ከዚያች ሴት ጋር ከቤት ቤት እየተዘዋወረች ኖረች፤ በር ተቆልፎባት። እጇን ያቃጠለው የፈላ ዘይት ነው፤ እንዴት እንደሆነ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋት። አምልጣ ወጥታ ሕንፃ ሥራ ላይ ሲሚንቶ ተሸከመች። ወደ አገሯ ስትመለስ እናቷ ሞተው ቆዩዋት። አሁን ራሷ መርጣ ያገባችው ባል አላት፣ ሁለት ሴቶች ልጆችም።

«ታዲያ ለምን አንድ ቀን እንኳ ወደ እኛ አልመጣሽም?» አልኳት። ምነው ባልጠየቅኋት!

«መጥቼ ነበር» አለችኝ። «ስመለስ፣ ገና ሳላገባ። ቢሮ ገባሁ። ግድግዳው ላይ ስሜን አየሁት። አምስተኛ ክፍል ነበርኩ አይደል፣ ማንበብ እችላለሁ። ቆሜ ራሴን አነበብኩ። ነርስ ሆኛለሁ። እርስዎ ከጠረጴዛዎ ቀና ብለው ጉዳይሽ ምንድን ነው አሉኝ። ምን ልበል? ዛሬ ስብሰባ አለብን፣ ነገ ነይ አሉኝ።»

አላስታውሳትም። ፊቷን እያየሁ ለማስታወስ ሞከርኩ። ምንም። ስንቱን ሰው ነገ ነይ ብያለሁ?

ልሄድ ስነሳ «እትዬ» አለችኝ። «እኔ አንዷ ነኝ። ከእኔ በኋላ ሠርጋቸውን ያስቆማችኋቸው ልጆች አሉ ይባላል። በማግስቱ የት አደሩ?»

 ሚኒባስ ውስጥ የማስታውሳቸውን ፋይሎች በጣቴ ቆጠርኩ።

ረቡዕ

የዛሬ ሥራ፦ አዳራሹ ተፈቅዶልናል፣ እሰይ። ኬኩ ከዳንግላ እሑድ ጠዋት ይመጣል፣ መንገድ ካልተዘጋ። ወንበር ከዕድር። የማኅበሩ ስም ያለበት ቲሸርት ደርሷል፣ የእትዬ የሺ ግን ይጠባቸዋል።

ስንዱ ሦስቴ ደወለች። ስለ ወንበር፣ ስለ ንግግሯ፣ እንደገና ስለ ወንበር። «ባንቺዬ፣ ድምፅሽ ምን ሆኗል?» አለችኝ። ጉንፋን ነው አልኳት።

ፋይሎቹን አወጣሁ። ሁሉንም። ጠረጴዛው አልበቃ ብሎ ወለሉ ላይ ደረደርኳቸው። የልጅቱ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ ማን እንደጠቆመ፣ ፖሊስ መቼ እንደሄደ። መጨረሻው ላይ አንድ ዓይነት መስመር፦ «ጋብቻው ተቋርጧል። ጉዳዩ ተዘግቷል።» የእኔ ጽሑፍ ነው። ከሥሩ ባዶ ነጭ ወረቀት። በእያንዳንዷ ፋይል እናጨበጭብ ነበር። እኔ ደግሞ ፋይል ስዘጋ ደስ የሚለኝ ሰው ነኝ።

ወደ እትዬ የሺ ሄድኩ። ጓሮ ጎመን ሲኮተኩቱ አገኘኋቸው። ቆመው ሰሙኝ። ይደነግጣሉ፣ ደግፌ አስቀምጣቸዋለሁ ብዬ ነበር። የደነገጥኩት እኔ ሆንኩ።

«በሁለተኛው ዓመት ጠርጥሬያለሁ» አሉ።

«ምን አሉ እትዬ?»

«ልጅ ሰላምታ ስትልክ እናቴ እንዴት ናት ብላ ትጠይቃለች። ይቺ ልጅ አንድ ቀን ስለ እናቷ አልጠየቀችም። ስንዱን ብቻዋን ይዤ ጠየቅኋት። አለቀሰች። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኋትም።»

«ለምን?»

«መልሱን ፈራሁታ፣ ልጄ።» ከዚያ በአዊኛ ራሳቸውን ሰደቡ። አዊኛ ብዙ ባልሰማም ስድብ መሆኑ ገባኝ።

ስለዚህ ስንዱ ዋሸች፣ እትዬ የሺ ዝም አሉ፣ እኔ ተየብኩት። ሦስታችንም አለንበት።

ሐሙስ

ዛሬ ነገርኳት።

ከትምህርት ቤት እንደወጣች ቤቷ ሄድኩ። መነጽሯን አድርጋ የእሑዱን ንግግር እያረመች ነበር። ቁጭ ብዬ ላጫውታት አልቻልኩም። በሩ ላይ እንደቆምኩ «ስንዱ፣ አስካለን አገኘናት» አልኳት።

መነጽሯን አወለቀች።

«የት ነው የተቀበረችው?» አለች።

መጀመሪያ ያልኩት ነገር ያልገባት መሰለኝ። «ምን?»

«መቃብሯ ነዋ። የት ነው?»

«ኧረ በስማም! አስካለ አለችኮ! ግምጃ ቤት ናት! ትናንት ወዲያ አብሬያት ነበርኩ!»

ተነሳች። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «አለች?» አለች። «አለች?» እንደገና። ስንት ጊዜ እንደደጋገመችው አላውቅም። ውኃ ሰጠኋት፣ አጠገቧ አስቀመጠችው።

የነገረችኝ ይህ ነው። ያኔ የበኩር ልጇን አርግዛ ነበር። የአስካለ አባት ዛቻ በየቀኑ ይመጣ ነበር። ባሏ ወይ ልጅቱ ትውጣ ወይ እኔ አለ። ሴትዮዋን የታመነ ሰው ነበር ያገናኛት፣ ደህና ሴት መስላት ሰጠቻት። ከሁለት ወር በኋላ ልታያት ባሕር ዳር ብትሄድ ቤቱ ባዶ ነው። ጎረቤት «እዚያ ቤት የነበረች ሠራተኛ ልጅ በወባ ሞተች» አለቻት። ሦስት ክረምት እየሄደች መቃብሯን ፈለገች። ሌላ ልጅ ትሆናለች ብላ አላሰበችም።

«ሞታለች ብዬ እንዴት ልንገራችሁ? አንቺ በየሳምንቱ እንዴት ሆነች ትዪኛለሽ። አንድ ቀን ደህና ናት አልኩሽ። ስልሽ ልቤ ትንሽ አረፈ። በሚቀጥለው ዓመት ክፍል አሳለፍኳት። ከዚያማ ማቆም አልቻልኩም፣ ባንቺ። ካቆምኩ ትሞትብኛለች።»

ላቅፋት ፈለግሁ። በጥፊ ልላትም ፈለግሁ። ሁለቱንም አላደረግኩም። ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ።

ዓርብ

ስንዱን ገና ቢሮ ሳልከፍት በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ዓይኗ አብጧል። «ግምጃ ቤት ውሰጂኝ» አለች።

መናኸሪያ ሄድን። መኪና የለም። መንገድ ተዘግቷል። ለምን ተዘጋ፣ መቼ ይከፈታል፣ የሚያውቅ የለም። ኔትወርክም የለም። ዝናብ ጀመረ። እስከ ስድስት ሰዓት አንድ ጃንጥላ ሥር ቆምን። አንድ ባጃጅ ለምነን ነበር፣ ሰውዬው እንደ እብድ አይቶን ሄደ።

ስንመለስ «አሁንም ጓደኛሽ ነኝ?» አለችኝ።

«ዛሬ አትጠይቂኝ» አልኳት። ጃንጥላውን ግን ወደ እሷ አዘንብዬ እንደያዝኩት ያወቅሁት ቤት ስደርስ ነው፤ አንድ ትከሻዬ በስብሷል።

ከሰዓት እትዬ የሺ ቢሮ መጡ። መቅደስ በዓሉን እንሰርዘው አለች። ኬኩስ? እንግዶቹስ? የዞኑ ኃላፊዎችስ? እኔም ይሰረዝ ባይ ነበርኩ፣ እውነቱን ለመናገር። ኀፍረቱን ፈራሁ። ስንዱ አንገቷን ደፋች። እትዬ የሺ ሁላችንንም አዩንና «በዓሉ አይቀርም። ውሸቱ ነው የሚቀረው» አሉ። ወንበር ላይ ወጥተው መስታወቱን ከግድግዳ ሊያወርዱ ሲሞክሩ መቅደስ ሮጣ ያዘቻቸው። እሷ አወረደችው። ታሪኩን ከውስጡ አወጣሁና ሁለት ቦታ ቀደድኩት። ስንት ዓመት ሙሉ ስንት ሰው ፊት አንብቤዋለሁ!

ቅዳሜ

መንገዱ ተከፈተ። ሦስታችን ሄድን።

ገበያው ጫፍ ላይ ስንዱ ከመሬት ድንጋይ አነሳች፣ ትከሻዋ ላይ አደረገች። ትልቅ ድንጋይ። ጎንበስ ብላ በሰው መካከል ወደ አስካለ ሄደች። ሰው መንገድ ለቀቀላት።

አስካለ አየቻት። አወቀቻት። የያዘችውን ድንች ጆንያው ላይ አኖረች። «ይጣሉት እትዬ» አለች፤ «ገበያ ነው፣ ሰው መመዘኛ ይመስለዋል።»

ስንዱ ድንጋዩን አወረደች። መሬት ላይ ተንበርክካ ሁሉንም ነገረቻት። ስለ ባሏ፣ ስለ ጎረቤቲቱ፣ ስለ ወባ፣ ስለ መቃብሩ። ራሷን ለማዳን አንድ ቃል አልጨመረችም። አስካለ ድንቹን እያገላበጠች የበሰበሰውን ለየች።

«ፈልገውኛል?» አለች ድንገት።

«ሦስት ክረምት።»

ፊቷን አዞረችብን። ሁለት ደንበኞች መጥተው ቆመው ሄዱ። ወደ እኛ ስትመለስ «እኔ ማንም የፈለገኝ አልመሰለኝም ነበር» አለች።

እትዬ የሺ ያለቅሳሉ። ስንዱ «ይቅር በዪኝ» አለች።

«ይቅር ብያለሁ አልልም» አለች አስካለ። «ውሸት ይሆንብኛል። ገና አልደረሰልኝም። ይነሱ ግን፣ ልብስዎ ጭቃ ሆነ።»

ነገ ትመጪ እንደሆን ጠየቅኋት። ድንቹ ካለቀ አለች። ቆሜ አልናገርም፣ ወደ እኔም እንዳትጠቁሙ አለች። እሺ አልን። ሌላ ምን እንላለን?

እሑድ

ገና ቀሚሴን ሳልቀይር ነው የምጽፈው።

አዳራሹ ሞልቶ ሰው በር ላይ ቆመ። ኬኩ በሰላም ደረሰ። እትዬ የሺ ቲሸርቱን ከነጥበቱ ቀሚሳቸው ላይ ለበሱት። ሴቶቹ ጨፈሩ። ለትንሽ ጊዜ ሁሉንም ረሳሁት።

ከዚያ ስንዱ ወጣች። ወረቀት አልያዘችም። «ነርስ የሆነች አስካለ የለችም» ብላ ጀመረች። ሰው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ቀጠለች። ሳቁ ቆመ። ሁሉንም ተናገረች፣ ስሟን ለሁለተኛ ጊዜ ሳትጠራ፣ ወደ ማንም ሳትጠቁም። እኔም ተነስቼ ስለ ፋይሎቹ ተናገርኩ። ንግግር አልችልም። እንዲህ ነው ያልኩት፦ «ሠርግ እናስቆም ነበር። ልጆቹ በማግስቱ የት እንዳደሩ አናውቅም።»



ፊት ከተቀመጡት እንግዶች አንዱ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወጣ፣ አልተመለሰም። ከድሮ አባሎቻችን አንዷ ተነስታ «ሃያ ዓመት ስታስጨበጭቡን!» ብላ ጮኸች። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፣ አራት ሴቶች ተከተሏት። እውነቷን ነው። ምን ልበላት?

በቃ አለቀልን ብዬ ስቀመጥ ከመሀል አንዲት ወጣት ሴት ቆመች። አላወቅኋትም። «እኔ አክስቴ ቤት አደርኩ» አለች። «ሁለት ዓመት አባቴን ሳላይ። ማንም አልጠየቀኝም። አሁን ከጠየቃችሁ ይኸው።» ከኋላ ሌላዋ ተነሳች፦ «እኔ ቤተ ክርስቲያን ግቢ።» ሦስተኛዋ «እኔ ተመለስኩ፣ በሌላ ወር ዳሩኝ» አለች። ያቺኛዋ ይህን ስትል አዳራሹ ውስጥ የወጣው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ ነው። መቅደስ ወረቀት ፈልጋ ስም መጻፍ ጀመረች። እንባዋ ቀለሙን ያበላሽባታል።

አስካለ መጥታ ነበር። ዘግይታ፣ ከሁለት ልጆቿ ጋር፣ በሩ አጠገብ።

ሰው ሲበተን ከአዳራሹ ኋላ ስንዱ ሳህን ትሰበስብ ነበር። እኔ ወንበር እያጠፍኩ ነበርና ሰማኋቸው። አስካለ መጥታ አጠገቧ ቆመች።

«የአምስተኛ ክፍል የመንፈቁን ውጤት ሳላይ ነው የወጣሁት» አለቻት። «ስንተኛ ወጥቼ ነበር?»

ስንዱ አላሰበችም። «ሁለተኛ» አለች።

«አንደኛ ማን ነበር?»

ስንዱ የልጁን ስም ነገረቻት።

«እሱማ ይኮርጅ ነበር» አለች አስካለ።

ስንዱ ሳቀች፣ ሳቁ መሀል ላይ ልቅሶ ሆነባት። አስካለ አልሳቀችም፣ አላቀፈቻትምም። ከእጇ የሳህኑን ክምር ግማሽ ተቀብላ ወደ ውኃው ይዛው ሄደች።

ሰኞ

ስንዱ የሊቀመንበርነቷን መልቀቂያ አስገባች። ሁለት አባላት ስማችን ይሰረዝ ብለው ደወሉ። የዞኑ ቢሮ ማብራሪያ በጽሑፍ ጠይቆናል። ጠቅላላ ጉባኤ ተጠርቷል፣ ማኅበሩ ይፍረስ የሚሉም አሉ። እንዴት እንደሚሆን አላውቅም።

ከሥራ ስወጣ እግሬ ወደ ስንዱ ቤት ወሰደኝ። ሽሮ ሠርታ ነበር፣ በላን። ስለ ልጆች አወራን፣ ስለ ውርጩ አወራን። ታርቀናል ማለት አይደለም። ጓደኛዬ ናት ግን። ለእሷ አልነገርኳትም፣ እዚህ ጻፍኩት።

አሁን አስካለ ደወለች። እኔ ጋ ስትደውል የመጀመሪያዋ ነው።

«ከእኔ ቀጥላ ያለችው ማን ናት?» አለችኝ። ፋይሉን ቤት አምጥቼው ነበር፣ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። የጥርባ ቀበሌ ልጅ ናት አልኳት፣ ያባቷንም ስም ነገርኳት።

«ሰፈሩን አውቀዋለሁ» አለች። «ብቻችሁን አትሂዱ፣ ሲያዩዋችሁ ይደነግጣሉ። አማርኛም ብዙ አይሰሙም። ረቡዕ ገበያ የለኝም።»

እሺ አልኳት። ፋይሉን ከፈትኩት። ሠርጉ ሲቆም አሥራ አራት ዓመቷ ነበር ይላል፤ አሁን ሠላሳ ሦስት ይሆናታል። በሩን ማን እንደሚከፍትልን፣ እሷም በሕይወት ትኖር እንደሆን፣ የማውቀው ነገር የለም።